የግምት ድራፍት በአውስትራሊያ ፉትቦል

የግምት ድራፍት ማለት የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ከመካሄዱ በፊት፣ የትኛው ክለብ በስንተኛው ተራ ማንን እንደሚወስድ አስቀድሞ በዝርዝር መገመት ነው። በአውስትራሊያ «ፋንተም ድራፍት» ይባላል፤ በሌሎች አገሮች «ሞክ ድራፍት» የሚለው ስም የበለጠ ይታወቃል። ግምቱን የስፖርት ጋዜጠኞች፣ የቀድሞ ተጫዋች መልማዮችና ተራ ደጋፊዎች ይሠሩታል።

«ድራፍት» ሲባል አማርኛ ተናጋሪው ቀድሞ የሚያስታውሰው ቢራውን ነው። በስፖርት ግን ቃሉ ክለቦች ተራ ጠብቀው አንድ አንድ ተጫዋች የሚወስዱበትን አሠራር ያመለክታል። ተጫዋቹ ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቡ ተጫዋቹን ይመርጣል። በፐርዝ ተወልዶ ያደገ የ18 ዓመት ልጅ ስሙ በሜልበርን ክለብ ከተጠራ፣ ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ትቶ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይሄዳል። ስሙ ጭራሽ ካልተጠራ ደግሞ በዚያ ዓመት ወደ ሊጉ የሚገባበት በር በአመዛኙ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የግምት ድራፍት ለአንባቢ መዝናኛ ቢሆንም፣ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ለሰፈረው ልጆችና ለወላጆቻቸው ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱና ሊጉ

የአውስትራሊያ ፉትቦል (በአገሬው አጠራር «ፉቲ») በእንቁላል ቅርጽ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ኳሱ በእግር ይመታል፣ በእጅ ይያዛል፣ በቡጢ እየተመታም ለጓደኛ ይቀበላል። በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ፣ ከጎንና ከጎን ባሉት ቋሚዎች በኩል ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ለድራፍቱ ትልቅ ትርጉም ያለው የቁመት ጉዳይ ነው። ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ ዳኛው ኳሱን ወደ ላይ ሲያነሣ ዘሎ ለጓደኞቹ የሚያወርደው «ራክማን» የሚባለው ተጫዋች ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ አማካዮች ግን 1.80 ሜትር ገደማ ሊሆኑ ይችላሉ። ረጃጅሞቹ ሰውነታቸው እስኪጠና ብዙ ዓመት ስለሚወስድ በ18 ዓመታቸው ስለ እነርሱ መፍረድ ከሁሉም ይከብዳል።

ሊጉ በ1897 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ተጀመረ። በ1990 የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ የሚለውን ስም ያዘ፤ ከ2012 ጀምሮም 18 ክለቦች አሉት። አሥሩ ከቪክቶሪያ፣ ሁለት ሁለቱ ደግሞ ከምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከደቡብ አውስትራሊያ፣ ከኒው ሳውዝ ዌልስና ከኩዊንስላንድ ናቸው።

የድራፍቱ አመጣጥ

ከድራፍቱ በፊት የቪክቶሪያ ክለቦች ወጣቶችን የሚያገኙት በክልል ነበር። እያንዳንዱ ክለብ የተወሰነ ሰፈርና የገጠር አካባቢ ተሰጥቶት፣ በዚያ የሚኖር ልጅ የዚያ ክለብ ይሆናል። ጥሩ አካባቢ የደረሰው ክለብ ይጠነክራል፤ ያልደረሰው ይዳከማል። ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣን ተጫዋች ደግሞ ገንዘብ ያለው ይገዛዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በርካታ ክለቦች በዕዳ ተዘፍቀው ነበር። ሊጉ በዚያን ጊዜ የደመወዝ ጣሪያና ድራፍትን አንድ ላይ አመጣ።

የመጀመሪያው ድራፍት በ1986 መጨረሻ ተካሄደ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሊጉ የሚገባው ብሪዝበን ቤርስ በ1ኛ ምርጫ ማርቲን ሌስሊን ወሰደ። ሐሳቡ የተቀዳው ከአሜሪካ ነው፤ የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ የመጀመሪያ ድራፍቱን ያካሄደው በ1936 ነበር። የአውስትራሊያው ልዩ የሚሆነው፣ ከታች እንደሚታየው፣ በአባትና በአካዳሚ ደንቦች የተነሣ ምርጫው ሙሉ በሙሉ ክፍት አለመሆኑ ነው።

ዛሬ ዋናው ብሔራዊ ድራፍት በአብዛኛው በኖቬምበር ወር ይካሄዳል፤ በቅርብ ዓመታት ከ60 ገደማ እስከ 70 ገደማ የሚሆኑ ተጫዋቾች ይጠሩበታል። ለመመረጥ ልጁ በዚያ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት የሚሞላው መሆን አለበት። ከዋናው ሌላ የጀማሪዎች ድራፍትና ከ2019 ጀምሮ እንደገና የተመለሰው የዘመን አጋማሽ ድራፍት አሉ። የሴቶች ሊግም የራሱ ድራፍት አለው፤ በ2016 በተካሄደው የመጀመሪያው ላይ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ኒኮላ ባርን በ1ኛነት መርጧል።

ተራው እንዴት ይያዛል

መሠረቱ ቀላል ነው፤ በደረጃ ሰንጠረዡ የመጨረሻ የሆነው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። ዓላማው ደካማውን ማጠናከር ነው። ክለቦች ግን ተራቸውን በተጫዋች ወይም በሌላ ተራ መለዋወጥ ይችላሉ። ከ2018 ጀምሮ ልውውጡ ድራፍቱ እየተካሄደ እያለም ተፈቅዷል፤ የግምት ድራፍት የሚጽፍ ሰው ሌሊቱን የሚያድርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መሸነፍ ሽልማት ካስገኘ ሆን ብሎ የሚሸነፍ ይኖራል የሚል ጥርጣሬም አለ። ሊጉ እጅግ ደካማ ለሆኑ ክለቦች ተጨማሪ ተራ ይሰጥ በነበረበት ዘመን ሜልበርን በ2009 የውድድር ዘመን እንዲህ አድርጓል ተብሎ ምርመራ ተከፈተ። በ2013 ሊጉ ክለቡ ሆን ብሎ ተሸንፏል ብሎ ባይፈርድም 500,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ከዚያ ቀደም በ2002 ካርልተን የደመወዝ ጣሪያውን በመጣሱ ከገንዘብ ቅጣት ሌላ 1ኛና 2ኛ ምርጫውን ተነጥቋል። በምትኩ ሴይንት ኪልዳ ብሬንደን ጎዳርድን በ1ኛነት ወሰደ። አንድ ክለብ አንድ ተራ ማጣቱ ከብዙ ገንዘብ በላይ ሊጎዳው እንደሚችል ደጋፊዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህን ነው።

ግምቱ እንዴት ይሠራል

ሁለት ዓይነት የግምት ድራፍት አለ፤ ሁለቱን ማምታታት ለብዙ ክርክር መነሻ ይሆናል። አንደኛው አንድ ጸሐፊ ብቻውን «ክለቦቹ ይህን ያደርጋሉ» ብሎ የሚተነብይበት ነው። ሁለተኛው ተሳታፊዎች ክለቦቹን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የክለቡን ወንበር ይዞ በተራው የሚመርጥበት ጨዋታ ነው። በሁለተኛው ሰው የሚመርጠው የሚወደውን ልጅ ስለሆነ፣ ውጤቱ ትንቢት ሳይሆን ምኞት ይሆናል። ጥሩ የግምት ድራፍት የሚመልሰው ጥያቄ «ማን ይበልጣል?» የሚል አይደለም፤ «ይህ ክለብ፣ በዚህ ተራ፣ ማን ይበልጣል ብሎ ያስባል?» የሚል ነው። ጸሐፊው ልጁን በትክክል ቢመዝንም ክለቡን ካላወቀ ይሳሳታል።

መረጃው የሚጀምረው ከወጣቶች ውድድር ነው። በቪክቶሪያ ከ1992 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱበት ሊግ አለ። በደቡብና በምዕራብ አውስትራሊያ የየክፍለ ግዛቱ ክለቦች የራሳቸውን ወጣቶች ያሳድጋሉ። ሁሉም የሚገናኙት በክፍለ ግዛቶች የወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ነው፤ በዚያ ለኮከብ ተጫዋቹ የላርክ ሜዳሊያ ይሰጣል። መልማዮች ለዚህ ውድድር ትልቅ ክብደት ይሰጡታል፤ ምክንያቱም አንድ ልጅ ከእኩዮቹ ምርጦች ጋር ሲጋፈጥ የሚታየው በአብዛኛው እዚያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የአካል ብቃት ፈተናው አለ። የተጋበዙ ልጆች 20 ሜትር ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ በቅርጫት መካከል እንደሚታጠፍ ሰው በቋሚዎች መካከል እየተጠማዘዙ ቅልጥፍናቸው ይለካል፣ 2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሮጣሉ። 20 ሜትርን ከ2.90 ሰከንድ በታች የጨረሰ በጣም ፈጣን ተብሎ ይያዛል። እነዚህ ቁጥሮች በጋዜጣ ስለሚወጡ የግምት ጸሐፊዎች ከመጠን በላይ ይደገፉባቸዋል። ክለቦቹ ግን ከሩጫው ይልቅ በር ዘግተው ለሚያደርጉት ቃለ መጠይቅና ለሕክምና ምርመራው ብዙ ቦታ ይሰጣሉ። የልጁን መምህርና አሠልጣኝ ያናግራሉ፤ ቤቱም ይሄዳሉ። ጉልበቱ ላይ ያለ የድሮ ጉዳት፣ ለብቻ የመኖር ችሎታው፣ ሲሸነፍ የሚያሳየው ጠባይ በይፋ አይወጣም። በመጨረሻው ቀን አንድ ስም ከ8ኛ ወደ 25ኛ ሲወርድ ሕዝቡ የሚደነግጠው ይህን የተሸሸገ ክፍል ስላላየ ነው።

ከዚያ የዕድሜ ጉዳይ ይመጣል። በአንድ ድራፍት ውስጥ በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ እኩል «የ18 ዓመት» ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። በዚያ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ሥጋና ጡንቻ ነው። ልምድ ያለው ገማች የዲሴምበሩ ልጅ አሁን ያለበትን ሳይሆን የሚደርስበትን ለማየት ይሞክራል።

የክለቡ ፍላጎት ሌላው ሚዛን ነው። አጥቂ የጎደለው ክለብ አጥቂ ይወስዳል ብሎ መገመት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተመረጠው ልጅ ለቡድኑ በሚገባ የሚጠቅመው ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ክፍተት በዚያን ጊዜ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ክለቦች በአመዛኙ ከቀሩት ሁሉ የተሻለ የሚሉትን ይወስዳሉ፤ ፍላጎት የሚያይለው ወደ ኋላ ሲኬድና ልጆቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው። ጀማሪ ገማቾች ይህን ገልብጠው መሥራት ይወዳሉ።

የቤት ናፍቆትም ይታሰባል። ከሩቅ የመጣ ልጅ ውሉ ሲያልቅ «ወደ አገሬ መልሱኝ» ሊል ይችላል። በ2021 ኖርዝ ሜልበርን በ1ኛነት የመረጠው የደቡብ አውስትራሊያው ጄሰን ሆርን-ፍራንሲስ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ ወደ አደሌድ ከተማው ፖርት አደሌድ እንዲዛወር ጠየቀ፤ ተዛወረም። በ2023 ዌስት ኮስት 1ኛ ምርጫ ሲደርሰው ገማቾች ለወራት የተከራከሩት በዚሁ ላይ ነበር። በአገሩ የታወቀው ምርጥ ልጅ የቪክቶሪያው ሃርሊ ሪድ ነበር፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ዳንኤል ከርቲን የሚባል ረጅም የአገር ልጅ አለ። ክለቡ ተራውን ለውጦ የቤቱን ልጅ ይውሰድ ወይስ ከሩቅ የመጣውን ይመን? ዌስት ኮስት ሪድን ወሰደ። ከርቲን በ8ኛ ተራ ወደ አደሌድ ሄደ።

አባት፣ አካዳሚና ነጥብ

የግምት ድራፍትን ከሁሉ የሚያወሳስበው «ቢድ» የሚባለው ጥሪ ነው። አባቱ ለአንድ ክለብ 100 ጨዋታና ከዚያ በላይ የተጫወተለት ልጅ፣ ያ ክለብ የቅድሚያ መብት አለው። በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ያሉ አራት ክለቦች ባቋቋሟቸው አካዳሚዎች ባሳደጓቸው ልጆች ላይም እንዲሁ። የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ሕዝብ ልጆችና ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሚገቡባቸው የ«አዲሱ ትውልድ» አካዳሚዎችም አሉ።

መብት ማለት በነጻ መውሰድ ማለት አይደለም። ሌላ ክለብ በተራው የልጁን ስም ሲጠራ፣ ባለ መብቱ ክለብ «እኔ እወስደዋለሁ» ካለ ዋጋውን በተራዎቹ ይከፍላል። ለዚህ በ2015 ለእያንዳንዱ ተራ የነጥብ ዋጋ የሚሰጥ ሰንጠረዥ ወጣ። በዚያ ሰንጠረዥ 1ኛ ተራ 3,000፣ 2ኛ 2,517፣ 4ኛ 2,034፣ 10ኛ 1,395፣ 20ኛ 912፣ 30ኛ 629፣ 40ኛ 429 ነጥብ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ለሚጠራ ልጅ ባለ መብቱ 20 በመቶ ቅናሽ ያገኝ ነበር።

ለምሳሌ ልጁ በ4ኛ ተራ ቢጠራ ዋጋው 2,034 ነው፤ 20 በመቶ ሲቀነስ 1,627 ይሆናል። ክለቡ 20ኛ፣ 30ኛና 40ኛ ተራ በእጁ ቢኖር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 912 እና 629፣ በድምሩ 1,541 ነጥብ ይሰጣሉ። የቀረው 86 ነጥብ ከ40ኛው ተራ ይቀነሳል፤ ያ ተራም ጥቂት ደረጃዎች ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሦስት መካከለኛ ተራዎች አንድ ኮከብ ገዙ ማለት ነው። ሌሎች ክለቦች ይህ ዋጋ ረክሷል ብለው ብዙ አጉረምርመዋል፤ ከ2025 ጀምሮ ቅናሹ ወደ 10 በመቶ ወርዷል፣ ሰንጠረዡም ተከልሷል።

የ2021 ድራፍት ይህ ግምትን እንዴት እንደሚያናጋ በግልጽ ያሳያል። የሉክ ዳርሲ ልጅ ሳም ዳርሲ ወደ ዌስተርን ቡልዶግስ፣ የፒተር ዳይኮስ ልጅ ኒክ ዳይኮስ ወደ ኮሊንግዉድ እንደሚሄዱ ማንም አልተጠራጠረም። ጥያቄው ማን ደፍሮ ስማቸውን ይጠራል የሚል ብቻ ነበር። ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ በ2ኛ ተራ ዳርሲን ጠራ፤ ቡልዶግስ ከፍሎ ወሰደው። ስለዚህ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ፊን ካላሃንን የመረጠው በ3ኛነት ሆነ። ጎልድ ኮስት ዳይኮስን ጠራ፤ ኮሊንግዉድ ወሰደው፣ 4ኛ ተባለ። መጀመሪያ 3ኛ ተራ የነበረው ጎልድ ኮስት የራሱን ሰው ማክ አንድሩን ሲመርጥ ቁጥሩ 5 ደርሶ ነበር።

ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የተወለደው አንድሩ በሜልበርን ክለብ የአዲሱ ትውልድ አካዳሚ ውስጥ ያደገ ነው። ይሁን እንጂ በ2020 ዌስተርን ቡልዶግስ የአካዳሚውን ልጅ ጃማራ ኡግል-ሃገንን በዚሁ መብት በ1ኛነት ከወሰደ በኋላ ሊጉ ደንቡን አጥብቆ፣ በ2021 ክለቦች በመጀመሪያዎቹ 20 ተራዎች ለተጠሩ የአዲሱ ትውልድ ልጆች መብታቸውን እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ነበር። ሜልበርን ቆሞ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ደንቡ ከዚያ ወዲህም ተለዋውጧል፤ የግምት ድራፍት የሚሠራ ሰው ከልጆቹ ቪዲዮ በፊት የዓመቱን ደንብ ማንበብ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ግምትና ውጤት

ከሁሉ የሚጠቀሰው የ2001 ድራፍት ነው። ፍሪማንትል 1ኛ፣ 20ኛና 36ኛ ተራውን ለሆቶርን ሰጥቶ ትሬንት ክሮድንና ሉክ ማክፋርሊንን ወሰደ። ሆቶርን በ1ኛው ሉክ ሆጅን፣ በ36ኛው ሳም ሚቸልን መረጠ። ሆጅ አራት ዋንጫ አንሥቷል፤ ሚቸል የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎ ሜዳሊያ አግኝቷል። ክሮድም ቢሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሆቶርን ተመልሶ በ2008 ከክለቡ ጋር ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ድራፍት 3ኛ የተመረጠው ክሪስ ጀድ፣ 8ኛው ጂሚ ባርቴል፣ በአባቱ ክለብ መብት 40ኛ የሆነው ጋሪ አብሌት ልጅና 58ኛው ዴን ስዋን ሁሉም ብራውንሎን አሸንፈዋል። 58ኛ ተራ ላይ የብዙ የግምት ድራፍት ጸሐፊ ወረቀት አልቆ ነበር።

ወደ ኋላም ወደ ፊትም ተመሳሳይ ታሪክ ሞልቷል። ጄምስ ሄርድ በ1990 በ79ኛ ተራ ወደ ኤሰንደን ገብቶ በ2000 አምበል ሆኖ ዋንጫ አነሣ። አዳም ጉድስ በ1997 በ43ኛ ተራ ተመርጦ ብራውንሎን ሁለት ጊዜ ወሰደ። በ2009 ናት ፋይፍ 20ኛ፣ በ2021 ሜልበርንን በአምበልነት መርቶ ለዋንጫ ያበቃው ራክማን ማክስ ጎን ደግሞ 34ኛ ነበሩ።

ወደ ላይኛው ጫፍ ሲመጣ ደግሞ ረጃጅም አጥቂዎች ናቸው የሚያስቸግሩት። በ2013 ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ ቶም ቦይድን በ1ኛነት መረጠ፤ በዚያው ዓመት ማርከስ ቦንተምፔሊ 4ኛ፣ ፓትሪክ ክሪፕስ 13ኛ ነበሩ። ቦይድ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ዌስተርን ቡልዶግስ ተዛውሮ፣ ክለቡ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሣበት የ2016 ፍጻሜ ትልቅ ጨዋታ ተጫወተ፤ በ2019 ግን ገና በወጣትነቱ ጫማውን ሰቀለ። በ2014 ሴይንት ኪልዳ አጥቂውን ፓዲ ማካርቲንን ሲወስድ ሜልበርን አማካዩን ክርስቲያን ፔትራካን አገኘ። ማካርቲን በተደጋጋሚ የጭንቅላት ጉዳት ተሰቃየ። ፔትራካም በመጀመሪያ ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም ነበር፤ በ2021 ፍጻሜ ግን ኮከብ ተጫዋች ሆነ። በ2015 መጨረሻ ፍርድ የሰጠ ሰው በሁለቱም ላይ ይሳሳት ነበር።

2020 ሌላ ዓይነት ችግር አመጣ። በኮቪድ ምክንያት የቪክቶሪያ ወጣቶች ሊግ ጭራሽ አልተካሄደም። መልማዮች የ17 ዓመት ልጅን ሲመዝኑ በእጃቸው የነበረው በ16 ዓመቱ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። በዚያ ዓመት የወጡ ግምቶች በክለቦቹ ጭምር የተሞሉ ክፍተቶች ነበሯቸው ማለት ይቻላል።

ግምቱን መለካት

አንድ የግምት ድራፍት ጥሩ ነበር ለማለት ምን ይቆጠራል? ብዙዎች ስሙና ተራው በትክክል የገጠሙትን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ይህ መለኪያ ግን ያታልላል። አምስት ተጫዋቾች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በዚህ ቅደም ተከተል ተገመቱ እንበል። እውነተኛው ምርጫ ሠ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሆኖ ቢወጣ የገጠመ ተራ አንድም የለም። ዳሩ ግን አምስቱም ስሞች ትክክል ናቸው፤ አራቱ የተንሸራተቱት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ አማካይ ስሕተቱም 1.6 ተራ ነው። ከላይ የታየው የቢድ ጥሪ በትክክል እንዲህ ያለ መንሸራተት ይፈጥራል። ስለዚህ የተሻለው መለኪያ ተጫዋቹ ከትክክለኛው ክለብ ጋር መጣመሩን ማየት ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር ስሞች ስንቱ እንደተገመቱ መቁጠር።

በኮምፒውተር ለመሥራትም ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ክለብ የራሱን የስም ቅደም ተከተል መስጠት፣ ከዚያ በየተራው ካልተወሰዱት የመጀመሪያውን ማስወሰድ ብቻ ነው። ከባዱ ፕሮግራሙ ሳይሆን 18ቱ የተደበቁ ዝርዝሮች ናቸው። አንድ ክለብ በ6ኛ ተራ ያልታሰበ ስም ከጠራ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይቀየራል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች አንድ ዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ የክለቦቹን ምርጫ ትንሽ ትንሽ እየለዋወጡ ሺህ ጊዜ ያስኬዱና፣ «ይህ ልጅ በ10 ተራ ውስጥ የመመረጥ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ይላሉ። ለአንባቢ ስሜቱ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ለእውነት የቀረበ ነው።

ከዝርዝሩ ውጭ የመጡ

የግምት ድራፍት የሚያየው በዋናው በር የሚገቡትን ነው። ማርሊየን ፒኬት በወጣትነቱ በተከታታይ ድራፍቶች ሳይመረጥ ቀርቶ፣ በ2019 የዘመን አጋማሽ ድራፍት በሪችመንድ ተጠራ። በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታውን የተጫወተው በዚያው ዓመት በፍጻሜው ቀን፣ በ27 ዓመቱ ነበር፤ ሪችመንድ በ89 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ፣ እርሱም ጎል አስቆጠረ።

ከምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች የመጡ ተጫዋቾችም በብዛት በጎን በር ገብተዋል፤ ብዙዎቹ ጨዋታውን የጀመሩት ዘግይተው ስለሆነ በ18 ዓመታቸው የነበራቸው ልምድ ከእኩዮቻቸው ያነሰ ነበር። በኬንያ ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ የተወለደው አሊር አሊር በ2013 በ44ኛ ተራ ወደ ሲድኒ ገብቶ፣ በ2021 ከፖርት አደሌድ ጋር በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ በተከላካይነት ተካትቷል። በኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን ወላጆች ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ቪክቶሪያ የሄደው ቻንግኩት ጂያት ደግሞ ከብሔራዊ ድራፍቱ ውጭ፣ በአካዳሚው በኩል በጀማሪ ተጫዋችነት በ2017 መጨረሻ ሆቶርንን ተቀላቀለ። ስሙ በተራ ስላልተጠራ በዚያ ዓመት የግምት ዝርዝሮች ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ታናሽ ወንድሙ ቴው ጂያት በ2023 ብሔራዊ ድራፍት በኮሊንግዉድ ተመርጧል።